ሄርማን ሆለሪት፤ መኪናን መዝገብ ያስነበበ ሰው

በዓለም ላይ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ሁሉ በጦር ሜዳ ወይም በዙፋን ላይ ስማቸውን ያተረፉ አይደሉም። ሌላው ሰው እንደ ተራ ነገር አይቶ የሚያልፈውን ችግር ከጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረው፣ ከሞቱ በኋላ ሥራቸው በየአገሩ የቀጠለላቸው አያሌ ናቸው። ከነዚህ አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄርማን ሆለሪት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር መዝገብ አንብቦ የተማሪውን ስም ከዕድሜው፣ ዕድሜውንም ከውጤቱ ለይቶ ሲያውቅ እናያለን። የዚህ ጥበብ መነሻ ከየት ነው ብለን ወደ ኋላ ብንከተል፣ ከመንገዶቹ አንዱ ወደዚህ ሰው ያደርሰናል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄርማን ሆለሪት የካቲት ወር በ29 ቀን በሚያልቅበት በ1860 ዓመት፣ በዚያው በመጨረሻው ቀን ማለት ፌብሩዋሪ 29፣ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በቡፋሎ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር ተሰደው የመጡ ሲሆኑ፣ አባቱ አስተማሪ ነበረ። ነገር ግን ሄርማን ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለሞተ፣ ልጆቹን የማሳደግ ሸክም በእናቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በትምህርት ቤት ሳለ ሒሳብና የእጅ ሥራ ይወድ ነበር፤ የፊደል አጻጻፍ ትምህርት ግን እንደ እሬት ይመረው ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከዚህ ትምህርት ለማምለጥ ብሎ ከፎቅ መስኮት ዘሎ እንደ ወጣ ይነገራል። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱን ለጥቂት ጊዜ በቤቱ ውስጥ ከአንድ የሉተራን ቄስ ዘንድ ተማረ። ቃላትን በፊደል አስተካክሎ መጻፍ ያስጨንቀው የነበረ ልጅ፣ ካደገ በኋላ የሚሊዮን ሰዎችን ታሪክ አንድም ፊደል ሳይጻፍ የሚያስነብብ ዘዴ ማግኘቱ ሳይደንቅ አይቀርም።

በ1875 ዓመት ወደ ኒውዮርክ ከተማ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያም በኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1879 ዓመት፣ በ19 ዓመት ዕድሜው፣ በማዕድን መሐንዲስነት ተመረቀ። በዚህ ጊዜ ትሮብሪጅ የተባለው መምህሩ ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበርና፣ ተማሪውን ረዳት አድርጎ ወደ ዋሽንግቶን ወሰደው። ወጣቱ መሐንዲስ ማዕድን ለመቆፈር የተማረ ቢሆንም፣ ዕድሉ በወረቀት ክምር ውስጥ እንዲቆፍር አደረገው።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ በየ10 ዓመቱ መቆጠር አለበት። እያንዳንዱ ግዛት ወደ ምክር ቤት የሚልካቸው እንደራሴዎች ብዛት የሚወሰነው በዚሁ ቆጠራ ነው። በ1880 ዓመት በተደረገው ቆጠራ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ቆጣሪዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የያንዳንዱን ሰው ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትውልድ አገርና ሥራ በትላልቅ ወረቀት ላይ ጻፉ። ይህ ሁሉ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አልነበረም። ዋናው ጭንቅ የሚጀመረው ወረቀቱ ዋሽንግቶን ከደረሰ በኋላ ነው።

አንባቢ ይህን በትምህርት ቤታችን ምሳሌ ሊረዳው ይችላል። የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ በእጃችን አለ እንበል። ተማሪዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ አንድ ጊዜ መቁጠር ይበቃል። ከነዚህ ሴቶቹ ስንት ናቸው ቢባል ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ሊኖርብን ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆነና ከሩቅ አገር የመጡ ሴቶች ስንት ናቸው ቢባል ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መዝገቡን መግለጥ ግድ ነው። በዋሽንግቶን የነበሩት ጸሐፊዎች ይህን ሥራ ለ50 ሚሊዮን ሰዎች፣ በወረቀት ላይ ጭረት እየጫሩ በእጃቸው ይሠሩት ነበር። ከዚህ የተነሣ የ1880 ዓመት ቆጠራ ውጤት ተጠናቆ ለመታተም ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ የሚቀጥለው ቆጠራ ጊዜ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር ያለቀው። ሕዝቡም ከዓመት ወደ ዓመት ይበዛ ነበርና፣ በዚሁ ከቀጠለ አንዱ ቆጠራ ሳያልቅ ሌላው እንደሚደርስበት የታወቀ ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የልደትና የሞት መዝገብን የሚመራ ጆን ሾው ቢሊንግስ የሚባል ሐኪም ነበረ። አንድ ማታ በእራት ላይ ሳሉ ይህ ሐኪም፣ እንዲህ ያለውን አድካሚ ሥራ የሚሠራ አንድ መኪና መኖር እንደሚገባው ለሆለሪት ነገረው። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ከእራት በኋላ ይረሱታል፤ ሆለሪት ግን አልረሳውም። ሐሳቡን በልቡ ይዞ ዓመታት ሙሉ ሲያብሰለስለው ኖረ።

በ1882 ዓመት የቆጠራው ሹም የነበረው ፍራንሲስ ዎከር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበርና፣ ሆለሪትን ጠርቶ የመሐንዲስነት ትምህርት አስተማሪ አደረገው። ነገር ግን ማስተማሩን ከአንድ ዓመት በላይ አልወደደውም። ወደ ዋሽንግቶን ተመልሶ የአዳዲስ ፈጠራዎች መብት በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ። ይህም በጣም ጠቀመው፤ ሰው የፈጠራውን መብት እንዴት አድርጎ እንደሚያስጠብቅ ከውስጥ ሆኖ ተማረ። በ1884 ዓመት የራሱን የመጀመሪያ ማመልከቻ አቀረበ።

መጀመሪያ ያሰበው ረጅም የወረቀት ጥብጣብ ነበር። የያንዳንዱ ሰው ነገር በጥብጣቡ ላይ በቀዳዳ ይመለከታል፤ መኪናውም ጥብጣቡ ሲያልፍ ቀዳዳውን እየቆጠረ ይሄዳል። ነገር ግን ሥራውን ሲሞክር አንድ ትልቅ ጉድለት አገኘበት። በጥብጣብ ላይ የተመዘገበ ሰው ከጎረቤቱ ሊለይ አይችልም። አንድ ሰው ለማግኘት ጥብጣቡን ሁሉ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ሰዎቹን በዕድሜ ወይም በሥራ ለይቶ መደርደርም የማይቻል ነው። ስለዚህ ጥብጣቡን ትቶ ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው አንድ ካርድ ሰጠው። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ የፈጠራው ልብ ግን ይህ ነበር።

ቀዳዳ ያለበት ካርድ ከዚያ በፊት በሌላ ሥራ ይታወቅ ነበር። በፈረንሳይ አገር ዣካር የተባለው ሰው በ1804 ዓመት፣ የሽመና ዕቃ በካርድ ቀዳዳ እየተመራ ጥለት እንዲሠራ አድርጎ ነበር። ሆለሪት ግን ሐሳቡን ያገኘው ከባቡር ጉዞ እንደ ሆነ ተናግሯል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ አንዱ የሌላውን ትኬት እንዳይሰርቅ ብሎ፣ የተሳፋሪውን መልክ በትኬቱ ዳር በቀዳዳ ያመለክት ነበር። አንዱ ቀዳዳ የፀጉሩን መልክ፣ ሁለተኛው የዓይኑን፣ ሦስተኛው የአፍንጫውን ትልቅነት ያስታውቃል። ቀዳዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ያለበት ስፍራ ነው።

የሆለሪት ካርድም እንዲሁ ነው። በ1890 ዓመት የሠራበት ካርድ 288 ስፍራዎች ነበሩበት። በአንዱ ስፍራ የተበሳ እንደ ሆነ ወንድ፣ በአጠገቡ የተበሳ እንደ ሆነ ሴት፤ በሌላው ወገን ያገባ ወይም ያላገባ፤ በሌላው ደግሞ የትውልድ አገሩ ይታወቃል። ካርዱ በግልብጥ እንዳይገባ አንዱ ማዕዘኑ ተቆርጦ ነበር። መብሻውም በጣም ብልሃት ያለበት ነው። በጠረጴዛው ላይ የያንዳንዱ ስፍራ ትርጉም የተጻፈበት ገበታ አለ፤ ጸሐፊዋ መሪውን ዘንግ ከምትፈልገው ቃል ላይ ስትጫነው፣ የዘንጉ ሌላ ጫፍ ካርዱን በተገቢው ስፍራ ይበሳዋል። እንግዲህ ቃሉ በገበታው ላይ ቀረ፤ በካርዱ ላይ የቀረው ስፍራው ብቻ ነው።

ማንበቢያውም መኪና እንዲህ ይሠራ ነበር። ሠራተኛው ካርዱን በመጫኛው ውስጥ አድርጎ እጀታውን ወደ ታች ይጫናል። በላይ በኩል በሞላ የተያዙ መርፌዎች አሉ፤ ከታች ደግሞ ባዜቃ ያለባቸው ትናንሽ ጽዋዎች አሉ። ካርዱ ያልተበሳ በሆነበት ስፍራ መርፌው ወረቀቱን ነክቶ ይመለሳል። በተበሳበት ስፍራ ግን መርፌው በቀዳዳው አልፎ ባዜቃውን ይነካል፤ በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገናኝና፣ ሰዓት የሚመስለው ቆጣሪ አንድ ምልክት ወደ ፊት ይራመዳል። በአንድ ጊዜም ከአጠገቡ ካለው መለያ ሣጥን የአንዱ ክፍል ክዳን በራሱ ይከፈትና ሠራተኛው ካርዱን በዚያ ይጥለዋል። ካርዱ በትክክል የተነበበ እንደ ሆነ ደወል ይደወላል፤ ደወሉ ካልተሰማ ግን ስሕተት አለና ካርዱ ለብቻው ተወስዶ ይመረመራል። የሽቦው አገጣጠም እንደ ተፈለገ ሊደረግ ይችል ነበርና፣ ሁለትና ሦስት ነገሮች ባንድነት የተገኙበትን ካርድ ብቻ መቁጠርም ይቻል ነበር። ቀድሞ መዝገቡን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልገው የነበረው ጥያቄ፣ አሁን ካርዱ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ይመለስ ጀመር።

ሆለሪት መኪናውን በመጀመሪያ የሞከረው በባልቲሞር ከተማ የሞት መዝገብ ላይ ነው። ከዚያም ኒው ጀርዚና የኒውዮርክ ከተማ ተጠቀሙበት። በጃንዋሪ 8 ቀን 1889 ዓመት የፈጠራው መብት ተሰጠው። በዚያው ዓመት የቆጠራው መሥሪያ ቤት ለሚቀጥለው ሥራ የሚሻለውን ዘዴ ለመምረጥ ውድድር አደረገ። ከሆለሪት ጋራ የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች በልዩ ልዩ ቀለም በተለዩ ወረቀቶችና ካርዶች በእጅ የሚሠራ ዘዴ ነበራቸው። ለሦስቱም በሴንት ሉዊስ ከተማ ከተመዘገቡት የ10,491 ሰዎች መዝገብ ተሰጣቸው። መዝገቡን ወደየዘዴያቸው ለመገልበጥ ሆለሪት 72 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ ተወዳዳሪዎቹ 110 እና 144 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። በመቁጠሩ ላይ ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሆነ፤ ሁለቱ 44 እና 55 ሰዓት ያህል ሲደክሙ፣ የሆለሪት መኪና ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ።

ስለዚህ የ1890 ዓመት ቆጠራ ለእርሱ ተሰጠ። መኪናዎቹን ለመንግሥት አልሸጠም፤ አከራየ እንጂ። ወጣት ሴቶችና ወንዶች ጸሐፊዎች ተቀጥረው ካርዱን ሲበሱና ሲያስነብቡ ዋሉ። ቆጠራው ከተሰበሰበ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሕዝቡ ብዛት ከ62 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተገለጸ። ብዙ ሰዎች ቁጥሩ ከዚህ የበለጠ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና፣ በመኪናው ላይ አጉረመረሙ። መኪናው ግን የሚቆጥረው የተሰጠውን እንጂ የሚመኙትን አይደለም። እርግጥ ነው፣ የቆጠራው ጠቅላላ ወጪ ከቀድሞው አላነሰም፤ መንግሥት መኪናውን ተማምኖ ለሕዝቡ ከቀድሞው የበለጠ ጥያቄ አቀረበ። ሥራ ሲቀልል ሰው ብዙ ሥራ መፈለጉ የተለመደ ነው።

ከዚህ በኋላ ሆለሪት ስሙ በየአገሩ ተሰማ። በ1889 ዓመት በፓሪስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1890 ዓመት የተማረበት ኮሎምቢያ የዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው። በዚሁ ዓመት ሉሲያ ታልኮት የምትባል ወይዘሪት አግብቶ ስድስት ልጆች ወለዱ። ኦስትሪያና ካናዳ መኪናዎቹን ለየራሳቸው ቆጠራ ተጠቀሙባቸው፤ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥትም በ1897 ዓመት ላደረገው ታላቅ ቆጠራ ይህንኑ መኪና መረጠ።

ነገር ግን ቆጠራ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሥራ ነው፤ በመካከሉ ያሉትን ዓመታት መኪናዎቹ ሥራ ፈትተው ሊኖሩ አይችሉም። ሆለሪት ስለዚህ ወደ ንግድ ቤቶችና ወደ ባቡር ኩባንያዎች ሄደ። የባቡር ኩባንያ የሚፈልገው ስንት ጭነት እንደ ተጓዘ ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ የጭነቱንም ክብደትና ዋጋ መደመር ነው። ስለዚህ ቁጥር የሚደምር መኪና ሠራ። በካርዱ ላይ ጥቂት ዓምዶች ለጭነቱ ክብደት፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ለዋጋው ተለይተው ተሰጡ። በ1896 ዓመትም የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1906 ዓመት ደግሞ እንደ ስልክ ማዞሪያ ያለ የሽቦ መሰኪያ ገበታ በመኪናው ላይ ጨመረ። ከዚያ በፊት የሥራውን ዓይነት ለመለወጥ ሽቦውን ፈትቶ እንደ ገና መበየድ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መሰኪያውን ማዛወር በቂ ሆነ። አንዱን መኪና ለልዩ ልዩ ሥራ ማሰናዳት ማለት ይህ ነው።

ሆለሪት ብልህ የሆነውን ያህል ግትርም ነበር። የ1900 ዓመት ቆጠራ በእርሱ መኪና ከተሠራ በኋላ፣ አዲሱ የቆጠራ ሹም ኪራዩ እጅግ ውድ ነው አለ። ሆለሪት ዋጋውን ለመቀነስ አልፈቀደም፤ በ1905 ዓመት መኪናዎቹ ከመሥሪያ ቤቱ ወጡ። መንግሥትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የራሱን መሐንዲሶች ቀጥሮ ሌላ መኪና እንዲሠሩ አደረገ፤ ከነዚህ አንዱ ጄምስ ፓወርስ የሠራው መኪና በ1910 ዓመት ለቆጠራው አገለገለ። ሆለሪት ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም ሥራውን ሊያስቆም አልቻለም። ፓወርስም ኩባንያ አቋቁሞ የገበያ ተወዳዳሪው ሆነ። እንግዲህ ሆለሪት ወርቅ ያስገኘለትን ደንበኛ በራሱ ግትርነት አጣ፤ ተወዳዳሪውንም ያሳደገለት ያው ነገር ነው።

በ1911 ዓመት ቻርልስ ፍሊንት የተባለ ነጋዴ የሆለሪትን ኩባንያ ከሌሎች ጋራ አዋሕዶ አንድ ትልቅ ኩባንያ አደረገው። ሆለሪት ለድርሻው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ እስከ 1921 ዓመት ድረስም በአማካሪነት ቆየ። በ1914 ዓመት ቶማስ ዋትሰን የኩባንያው መሪ ሆነ፤ በ1924 ዓመት ደግሞ ኩባንያው ዛሬ ዓለም በሚያውቀው ስም፣ አይ ቢ ኤም ተብሎ ተጠራ። ሆለሪት በእርጅናው ዘመን ወደ እርሻና ወደ ከብት ርቢ አዘነበለ። በኖቬምበር 17 ቀን 1929 ዓመት በልብ ሕመም በዋሽንግቶን አረፈ፤ በዚያው ከተማ በጆርጅታውን ተቀበረ። ዕድሜው 69 ዓመት ነበር።

ሰውየው ቢሞት ካርዱ አልሞተም። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1928 ዓመት፣ ኩባንያው 80 ዓምዶች ያሉት ካርድ አወጣ፤ ይህም ካርድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዓለም ሁሉ ሠራ። በ1957 ዓመት ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲወጣ፣ ጸሐፊው ትእዛዙን የሚጽፈው በዚሁ ካርድ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓምዶች ለትእዛዙ ቁጥር፣ 6ኛው ከፊተኛው ካርድ የቀጠለ መሆኑን ለማመልከት፣ ከ7ኛው እስከ 72ኛው ለራሱ ለትእዛዙ ተሰጥተዋል። በዚህ ቋንቋ ውስጥ የፊደላትን ቃል ለመጻፍ፣ አስቀድሞ የፊደላቱ ብዛት ይጻፍና ኤች የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ትከተለዋለች። ያች ፊደል የሆለሪት ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት። የፊደል ትምህርት ሸሽቶ ከመስኮት የዘለለው ልጅ ስሙ በፊደላት ቃል መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በካርድ ላይ ለአንድ ነገር የተሰጡት ዓምዶች ፊልድ፣ የአንዱ ሰው ነገር በሙሉ ደግሞ ሬኮርድ ይባል ነበር። በ1965 ዓመት እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር፣ በፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሬኮርዶች በየዓይነታቸው ተመድበው የሚያዙበትን ሐሳብ ጻፈ። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ይህን ሐሳብ አስፋፍተው በ1967 ዓመት ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ አወጡ። በዚህ ቋንቋ ሬኮርዱ የራሱን ነገር ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሥራ ይዞ ይኖራል፤ ይህም ኦብጀክት ተባለ፤ የዓይነቱም መግለጫ ክላስ ተባለ። ዛሬ ተማሪዎች የሚማሩት ጃቫና እርሱን የመሳሰሉት ቋንቋዎች በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው። በውስጣቸው ያለው የያንዳንዱ ነገር ስፍራ ዛሬም ፊልድ ይባላል።

እንግዲህ በዛሬው ቋንቋ አንድ መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ እንመልከት። የትምህርት ቤት መዝገብ በተራ ጽሑፍ ተጽፎ ይመጣል፤ በአንዱ መስመር ላይ የአንዱ ተማሪ ስም፣ ዕድሜና ውጤት በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ይገኛሉ። ለኮምፒውተሩ ይህ የፊደላት ሰልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው መጀመሪያ ተማሪ የሚባል ክላስ ያበጃል፤ በውስጡም ስም በፊደላት፣ ዕድሜና ውጤት በቁጥር እንዲሆኑ ይወስናል። ከዚያ በኋላ አንባቢው የፕሮግራም ክፍል መስመሩን ፊደል በፊደል ይከተላል፤ ነጠላ ሰረዝ ባገኘ ጊዜ አንዱን ፊልድ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል፤ አንድና ስምንት የተባሉትን ምልክቶች ዐሥራ ስምንት ወደሚባለው ቁጥር ይለውጣል፤ በመጨረሻም ሁሉን በየስፍራው አስቀምጦ አንድ ኦብጀክት ይወልዳል። አንድ መስመር፣ አንድ ተማሪ። የዕድሜ ስፍራ ላይ ፊደል የመጣ እንደ ሆነ፣ ጥሩ አንባቢ በግምት አያልፍም፤ ቆሞ ስሕተቱን ያስታውቃል። ይህም ያልተሰማው የሆለሪት ደወል ነው። በዛሬ ጊዜ ጄሰን እንደሚባለው ያሉ አጻጻፎች የያንዳንዱን ፊልድ ስም ከነገሩ አጠገብ ይዘው ይጓዛሉ፤ ስለዚህ ትርጉሙ እንደ ድሮው በመብሻው ገበታ ላይ ቀርቶ አይለያይም። ነገር ግን ጸሐፊውና አንባቢው በስሙ ትርጉም ካልተስማሙ፣ ስሙ ብቻውን ምንም አይረዳም።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። መኪና አያስተውልም። እንዲያነብ የሚያደርገው አስቀድሞ የተወሰነው ሥርዓት ነው፤ ለያንዳንዱ ነገር ስፍራ የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ስፍራ ያልተሰጠው ነገር በመኪናው ዘንድ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ክፉ ስፍራ የተሰጠውም ነገር በክፋቱ ይቆጠራል። በ1890 ዓመት ቆጠራ ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ደማቸው መጠን በአራት ስም ተከፋፍለው እንዲመዘገቡ ታዝዞ ነበር። መኪናው ይህን ሲቆጥር አላፈረም፤ ማፈር የሚገባቸው ጥያቄውን ያወጡት ሰዎች ነበሩ። ሆለሪት ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1939 ዓመት፣ የናዚ ጀርመን መንግሥት ባደረገው ቆጠራ የያንዳንዱ ሰው አያቶች አይሁድ መሆናቸውና አለመሆናቸው ተጠየቀ፤ የጀርመን ቆጠራም የሚሠራው በሆለሪት ስም በሚጠሩት መኪናዎች ነበር። መንገደኛን ከሌባ ለመጠበቅ የተበሳው የትኬት ቀዳዳና ሰውን ለይቶ ለማሳደድ የተበሳው ቀዳዳ በመልካቸው አንድ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በ1921 ዓመት በዋሽንግቶን በተነሣ እሳት የ1890 ዓመት የቆጠራ ወረቀት አብዛኛው ተበላሸ። የታተመው ድምር ዛሬም በቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ከድምሩ በስተጀርባ የነበሩት የብዙዎቹ ሰዎች ስምና ታሪክ ግን ጠፍቷል። ድምር ለመንግሥት ይጠቅማል፤ ልጅ ልጁ ስለ አያቱ ሲጠይቅ ግን ድምር መልስ አይሆነውም።

ከኛ መካከል ብዙዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች የሚመዘገቡበትን ሥርዓት የምናወጣ እንሆናለን። አንዳንዱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ አንዳንዱ ቅጹን ያዘጋጃል፤ አንዳንዱም የሚጠየቀውን ይወስናል። ሆለሪት ያስተማረን ዘዴ ለሁላችንም ክፍት ነው። ዘዴው ግን ምን እንደምንጠይቅና ማንን ከማን እንደምንለይ አይነግረንም፤ ያን የምንወስነው እኛው ነን። ካርዱ ከመበሳቱ በፊት፣ በገበታው ላይ የሚጻፈውን ቃል ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።